የጭነት ቫንን ወደ ቤት መቀየር፦ ከማይታየው ጀምሩ

ኪራይ ሲያማርር፣ ወይም አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ዞሮ የማየት ፍላጎት ሲመጣ፣ ባዶ የጭነት ቫን ገዝቶ ቤት ማድረግ የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ጋ ይመጣል። ይቻላል። አናጺም ኤሌክትሪሻንም መሆን አይጠበቅባችሁም። ትዕግሥት ያለው፣ በትክክል የሚለካ፣ ያላወቀውን የሚጠይቅ ሰው በደንብ ይሠራዋል።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ይጀምራል፣ ዓይን የሚገባው እሱ ስለሆነ። እኔ ተቃራኒውን ነው የምላችሁ። ገንዘባችሁንም ጉልበታችሁንም መጀመሪያ የማይታየው ላይ አውጡ፦ ጣራው ላይ ያለው ማሸጊያ፣ ከግድግዳው ጀርባ የሚጠራቀመው እርጥበት፣ ከባትሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ። ቁም ሳጥን ቢጣመም አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ሽቦ ከተበላሸ ግን ቁም ሳጥኑን፣ ግድግዳውን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ነው የምታፈርሱት።

የምጽፈው አሜሪካ ላላችሁ ነው። ቫኖቹም፣ ሕጉም፣ ዕቃ መሸጫዎቹም የዚያው አገር ናቸው።

ቫኑን መምረጥ

ገበያው ላይ በብዛት ያሉት ሦስት ናቸው፦ ፎርድ ትራንዚት፣ ራም ፕሮማስተር እና መርሴዲስ ስፕሪንተር። ሦስቱም ጣራው ከፍ ያለ ሞዴል አላቸው። እሱን ግዙ። ጎንበስ ብሎ ለሁለት ቀን መቆየት ይቻላል፣ ለወራት ግን ወገብ ይጨርሳል።

ፕሮማስተር በፊት እግሩ የሚጎተት ስለሆነ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ግድግዳውም ከሦስቱ ቀጥ ያለው እሱ ነው። ሰፋ ባለው ቦታ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ 6 ጫማ ከ3 ኢንች ገደማ ይሆናል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው በአግድም መተኛት ስለሚችል አልጋው የቫኑን ርዝመት አይበላም። ትራንዚት ሲነዳ የበለጠ ይመቻል፣ ከ2020 ጀምሮም በአራቱም እግር የሚሠራ አለው፣ ከፍ ያለው ጣራ ደግሞ ባዶውን 6 ጫማ ከ9 ኢንች ገደማ ይሰጣል። ውስጡ ግን ጠበብ ይላል፤ ግድግዳው ሲለበስ ረጅም ሰው በአግድም አይዘረጋም። ስፕሪንተር ጥሩ መኪና ነው፣ ግን ጥገናው ውድ ነው፣ መንደር ውስጥ ያለ መካኒክ ሁሉም አይነካውም። ወጪ ለመቆጠብ ከሆነ የምትሠሩት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱን ባይ ነኝ።

ያገለገለ ስትገዙ ብዙዎቹ ዕቃ ሲያደርሱ የነበሩ ናቸው። ማይሉ ትንሽ ቢሆንም አትታለሉ፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የዋለበት ሰዓት ማይል ላይ አይቆጠርም። የጎን ተንሸራታች በሩን ደጋግማችሁ ክፈቱት፣ ቀን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ በር ነው። ካምቢዮው ሲቀይር ይመታል ወይ? በረዶ በሚበዛበት ስቴት የኖረ ከሆነ ጨው ከሥር በልቶት ሊሆን ስለሚችል ሥሩ ገብታችሁ በባትሪ መብራት እዩት። ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ ገልጣችሁ ሥሩን በእጃችሁ ዳብሱ፤ እርጥብ ከሆነ ከላይ ያፈሳል ማለት ነው። ከዚያ ለምታምኑት መካኒክ አሳዩት። ለምርመራው የምትከፍሉት ከምትገዙት ችግር ይረክሳል።

የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ተለጣፊ ወረቀት አለ። ቫኑ ከነጭነቱ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት እዚያ ተጽፏል። ፎቶ አንሱት፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ልጆች ላላችሁ። የጭነት ቫን በአብዛኛው ወንበሩ ሁለት ነው። ከኋላ በኮምፔንሳቶ ወንበር ሠርቶ፣ ቀበቶ አስሮ ልጅ ማስቀመጥ በፍጹም አይሆንም፤ ግጭት ሲመጣ እንጨቱ ከነልጁ ነው የሚነቀለው። ልጅ ካላችሁ ከፋብሪካው ተጨማሪ ወንበር ያለውን ፈልጉ።

ሳትቆርጡ በፊት

መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ። ተራ የመኪና ኢንሹራንስ ውስጡ ቤት የሆነ ቫን ላይሸፍን ይችላል፤ አንዳንዱ ሥራው ሳያልቅ አይቀበልም፣ አንዳንዱ ጭራሽ በራስ እጅ የተሠራ አይወስድም። አሁን እወቁት። ስቴታችሁ ቫኑን እንደ ሞተር ሆም ለመመዝገብ ምን እንደሚጠይቅም ዲኤምቪ ጠይቁ፤ ከስቴት ስቴት ይለያያል። አልጋ፣ ማብሰያ፣ ውኃ እያለ ዝርዝር የሚያቀርብ አለ። ከአሁን ጀምሮ የእያንዳንዱን ዕቃ ደረሰኝ አስቀምጡ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሱ። በኋላ ቫኑ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል የሠራችሁትን ዋጋ የምታሳዩት በዚያ ነው።

ከዚያ ካርቶን ሰብስቡ። የፍሪጅ ካርቶን ያለው ሱቅ አይጠፋም። አልጋውን፣ ማብሰያውን፣ ፍሪጁን በካርቶን ቆርጣችሁ፣ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጋችሁ ቫኑ ውስጥ አቁሙ። ግቡበት። ጫማ የት ታወልቃላችሁ? አንዱ ሲያበስል ሌላው ማለፍ ይችላል? ፍራሽ ወርውራችሁ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩበት። ወረቀት ላይ ያማረ ፕላን እዚህ ብዙ ጊዜ ይቀየራል፣ ቢቀየርም ካርቶን ነው የከሰረው።

ጣራውን መብሳት

ሁሉም ሰው የሚፈራው ሥራ ይሄ ነው፣ መፍራቱም ልክ ነው። ግን የጣራ ቬንቲሌተር የሌለው ቫን ቤት አይሆንም። ሙቀትን፣ የምግብ ሽታንና እርጥበትን የሚያወጣው እሱ ነው። የተለመደው መጠን 14 በ14 ኢንች ነው፣ ማክስኤር እና ፋንታስቲክ የሚባሉት በብዛት ይገዛሉ። ዝናብ እየዘነበም ሊከፈት የሚችል ክዳን ያለውን ውሰዱ።

ዝናብ የሌለበት ቀን ምረጡ። ከውስጥ በኩል ለክታችሁ፣ የጣራውን አግዳሚ ብረት እንደማትነኩ አረጋግጣችሁ፣ አራቱን ማዕዘን በትራፓኖ ብሱ። ከዚያ ጣራው ላይ ወጥታችሁ ቀዳዳዎቹን በመስመር አገናኙ፤ መስመሩ ዙሪያ ፕላስተር ለጥፉ፣ የጂግሶው (የኤሌክትሪክ መጋዙ) እግር ቀለሙን እንዳይቧጭረው። ከሥር ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ በፕላስተር አንጠልጥሉ፣ ከዚያ መስመሩን ይዛችሁ ቁረጡ። ይሄ ላስቲክ ዋና ነገር ነው፤ ሲቆረጥ የሚረግፈው የብረት ብናኝ ቫኑ ውስጥም ጣራው ላይም ከቀረ፣ እርጥበት ሲያገኝ በየወደቀበት ትንንሽ የዝገት ነጥብ ያወጣል። ስትጨርሱ ጣራውን በማግኔትና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

አሁን የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱ፣ በብርጭቆ ወረቀት እሹት፣ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት። እስኪደርቅ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ ያልተቀባ ጠርዝ ከማሸጊያው ሥር ሆኖ ቀስ እያለ ይበላል፣ ስታውቁት ዘግይቷል። የቫን ጣራ ሸንተረር ስላለው የቬንቲሌተሩ ፍሬም ዝም ብሎ አይገጥምለትም። ለቫናችሁ ሞዴል የሚሸጥ ማስተካከያ ፍሬም አለ፣ ወይም ጎድጓዳውን በቡታይል ማስቲካ ደረብ አድርጋችሁ ሙሉት። ፍሬሙን በብሎን ካሰራችሁ በኋላ የጠርዙን ዙሪያና የእያንዳንዱን ብሎን ራስ ለጣራ በተሠራ ማሸጊያ ሸፍኑ። ተራ ሲሊከን አትጠቀሙ፤ ሲያረጅ ይላቀቃል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አይለጠፍም።

ማሸጊያው ሲደርቅ የውኃ ጎማ ይዛችሁ ብዙ ደቂቃ አጠጡት፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ይይ። ሶላር ፓኔልም፣ ከወደዳችሁ የጎን መስኮትም፣ የሚገቡት አሁን ነው። ከላይ የሚገባ ቀዳዳ ሁሉ ግድግዳው ሳይለበስ ማለቅ አለበት።

ብርድና ላብ

ላሜራ ብርድ ሲሆን ያልበዋል። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተንፍሶ፣ ማታ ወጥ ሞቆበት፣ ጠዋት ሻይ ፈልቶበት፣ ያ ሁሉ እርጥበት ሄዶ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውኃ ይሆናል። ግድግዳው ጀርባ ከታፈነ ሻጋታና ዝገት ይከተላል። ስለዚህ ብርድ መከላከያ ስትመርጡ ሙቀት መያዙን ብቻ አትዩ፣ እርጥብ ሲሆን ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ።

ለግድግዳና ለጣራ ቲንሱሌት (ጥጥ የመሰለ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ) ወይም የበግ ሱፍ ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም በጎበጠው ላሜራ ላይ ይተኛሉ፣ እርጥበትም አያፍኑም። ለቤት ግድግዳ የሚሠራው ሮዝ ፋይበር ግላስ ለመኪና አይሆንም፤ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ወደ ታች ይወርዳል፣ ውኃም ይይዛል። ከቆርቆሮ የሚረጭ ፎም በሮቹና ባዶ ምሰሶዎቹ ውስጥ አትንፉ። ሲያብጥ ላሜራውን ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል፣ ከበሩ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም ይደፍናል። እነዚያ ቀዳዳዎች ክፍት መሆን አለባቸው።

ድምፅ የሚቀንሰው ጥቁር ላስቲክ ከገዛችሁ ግድግዳውን ሁሉ አትሸፍኑ፣ የላሜራውን ሩብ ያህል መሐል መሐሉን መለጠፍ ይበቃል። የተረፈው ክብደት ብቻ ነው።

ብርድ በብዛት የሚገባው በመስታወት ነው። የፊት መስታወቱን ጨምሮ ለሁሉም በልኩ የተሰፋ መጋረጃ አዘጋጁ፣ ጠርዙ ላይ ማግኔት ያለው። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ የስፌት መኪና ካላት ሥራው የእሷ ነው፤ ከተገዛው አይተናነስም።

ኤሌክትሪክ

እዚህ ረጋ በሉ። ቫን የሚያቃጥል ነገር ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። በ12 ቮልት የሚሠራ የቫን ፍሪጅ በቀን 40 አምፔር ሰዓት (የባትሪ ኃይል የሚለካበት ነው) ገደማ ይበላል። ላፕቶፕ ለአራት ሰዓት 20፣ ቬንቲሌተር 15፣ መብራት፣ ስልክና የውኃ ፓምፕ አንድ ላይ 10 በሉት። ድምሩ 85 ነው። ስለዚህ 200 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ ፀሐይ ሳይኖርም፣ ሳትነዱም፣ ሁለት ቀን ይይዛችኋል። ሊቲየም ስል ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። ሊድ አሲድ ረከስ ይላል፣ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት፣ ክብደቱም ብዙ ነው። ሊቲየም አንድ ጠባይ አለው፦ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል። ስለዚህ ቦታው ቫኑ ውስጥ ነው፣ ከሥር በኩል አይደለም።

አሁን ሁሉም የአበሻ ቤት የሚጠይቀው ጥያቄ፦ ምጣድስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ከባትሪ በኢንቨርተር፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ዕቃ፣ ስታሠሩት ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ተጨምሮ 130 አምፔር ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 100 የሚይዘውን ባትሪ ጨርሶ ይተርፋል። ለምጣድ ብላችሁ ሲስተሙን እጥፍ አታድርጉት። እንጀራውን ከሱቅ ግዙ፣ ወይም መብራት ያለው ካምፕ ግራውንድ ስታድሩ ጋግሩ፤ እዚያ ያለው ምሰሶ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተራው የቤት ሶኬትም አለበት። ወጡንም ቢሆን ቁሌቱን ዘመድ ቤት አብስላችሁ፣ በትንንሽ ዕቃ አቀዝቅዛችሁ ብትይዙ ይሻላል። ሦስት ሰዓት የሚንተከተክ ድስት ጋዙን መጨረስ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ላብ በላብ ነው የሚያደርገው።

ባትሪው ከሦስት ቦታ ይሞላል። ከጣራው ሶላር፣ ከመኪናው አልተርኔተር፣ ስታገኙ ደግሞ ከግድግዳ መብራት። በጋ ላይ 300 ዋት ፓኔል የአንድ ቀኑን ፍጆታ ሊሸፍን ይችላል፤ ክረምት ላይ ግን ከግማሽ በታች ሊወርድ ስለሚችል ብቻውን አትታመኑት። ከአልተርኔተሩ በቀጥታ ገመድ አትዘርጉ፤ መሐል ላይ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር የሚባለው፣ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ይግባ። ባለ 30 አምፔሩ ሁለት ሰዓት ስትነዱ 60 ያህል ይመልሳል። ለብዙ ሰው ከሶላሩ ይልቅ የሚያስተማምነው ይሄ ነው።

የገመዱ ነገር። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ገመዱን ነው። ገመዱ ከሚችለው በላይ የሚያሳልፍ ፊውዝ ካለ፣ የሚቃጠለው ገመዱ ነው ማለት ነው፣ ያውም ከእንጨት ግድግዳ ጀርባ። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በጣም ቅርብ ይሁን፣ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። ለሊቲየም ባትሪ ክላስ ቲ የሚባለውን ፊውዝ ግዙ፣ ዋጋው ይከብዳል ግን የሊቲየምን ኃይለኛ ጅረት በትክክል የሚቆርጠው እሱ ነው። ለ2,000 ዋት ኢንቨርተር 2/0 የሚባለውን ወፍራም ገመድ፣ አጭር አድርጋችሁ። እያንዳንዱ የወጣ መስመር የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

ጫፎቹን በመዶሻ ወይም በፒንሳ አትጫኑ። በሃይድሮሊክ መጫኛ ጨቁኑት፣ ከዚያ በሙሉ ኃይላችሁ ጎትቱት። ከተንቀሳቀሰ ቁረጡና እንደገና። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ኢንቨርተሩ ላይ ከባድ ነገር ለአሥር ደቂቃ አሠሩ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ መጋጠሚያዎቹን በእጅ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ እዩ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ እሱ ላልቷል። ገመዶቹ በላሜራ ቀዳዳ በሚያልፉበት ሁሉ የላስቲክ ቀለበት አድርጉ፤ የላሜራ ጠርዝ በመንገድ ንቅናቄ ገመድ ይቆርጣል። ስትጨርሱ ግድግዳው ሳይዘጋ ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ኤሌክትሪክ ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ ከሰዓት ተቀምጣችሁ አስገምግሙት። ገንዘብ ቢጠይቅም ክፈሉት።

እሳትና አየር

ይሄን ለእኛ ሰው አስረግጬ ነው የምናገረው። ከሰል ቫን ውስጥ አይገባም። ለቡናም፣ ለሙቀትም፣ በር ተከፍቶም ቢሆን፣ የተዳፈነም ቢሆን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አይሸትም፣ አያስልም፣ ተኝታችሁ ነው የሚወስዳችሁ። አገር ቤት በትልቅ ክፍል ውስጥ እንኳ ስንቱን ቤተሰብ እንደጨረሰ እናውቃለን፤ ቫን ደግሞ ከዚያ ክፍል በብዙ ያንሳል።

ቡና ግን ይቻላል። ኢንዳክሽን ምድጃ የሸክላ ጀበና አያሞቅም፣ ስለዚህ ጋዝ ያስፈልጋችኋል። ትንሽ ባለ ቡቴን ምድጃ ይበቃል፤ ብርድ ላይ ግን ቡቴን አይሠራም፣ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ይዳከማል። ለክረምት ፕሮፔን ይሻላል። ቡናውን ስትቆሉ ውጭ ቁሉት፤ ጭሱ ፍራሽና መጋረጃ ላይ ከገባ አይለቅም። ውስጥ ስታበስሉ ሁልጊዜ ቬንቲሌተሩ ይከፈት፣ አንድ መስኮትም ገርበብ ይበል። ቬንቲሌተሩ የሚያስወጣውን አየር የሚተካ ካልገባ ሥራውን አይሠራም።

ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ካፈተለከ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ትልቅ ሲሊንደር የምታስገቡ ከሆነ ወደ ውስጥ የተዘጋ፣ ከሥሩ ወደ ውጭ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ሥሩለት። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ቀቡ፣ አረፋ ካወጣ ያፈሳል። የጋዝ ጠቋሚውን ከወለሉ አጠገብ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ከምትተኙበት ራስጌ አካባቢ፣ የጭሱን ጣራ ላይ ስቀሉ። እሳት ማጥፊያ ሁለት ይሁን፦ አንዱ ከበሩ አጠገብ፣ አንዱ ከአልጋው ተኝታችሁ የምትደርሱበት።

ለሙቀት በናፍጣ ወይም በቤንዚን የሚሠራ ማሞቂያ ጥሩ ነው፣ ዌባስቶና ኤስፓር ታዋቂዎቹ ናቸው፣ በጣም የረከሱ የቻይናም አሉ። እሳቱ የሚተነፍሰው ከውጭ ስለሆነ ደረቅ ሙቀት ነው የሚሰጣችሁ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ግን ከቫኑ ሥር አልፎ ወደ ጎን ጠርዝ መውጣት አለበት፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ። ዴንቨርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ቦታው ከፍታ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ለከፍታ የሚስተካከለውን ካልገዛችሁ ውስጡ ጥላሸት ሞልቶት ይቆማል።

ወለል፣ ግድግዳ፣ አልጋ

ይሄ የሚታየው ክፍል ነው፣ በፍጥነት ይሄዳል። ወለሉ ላይ አንድ ኢንች ጠንካራ ፎም፣ በላዩ ግማሽ ኢንች ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ ቪኒል። ወደ ታች ከመብሳታችሁ በፊት ሥሩ ገብታችሁ ተኝታችሁ እዩ። የቤንዚን ታንከርና የፍሬን ቱቦ እዚያው ነው ያለው። ካስቻላችሁ ወለሉን ጭራሽ አትብሱት፣ በማጣበቂያና በላዩ በሚያርፈው ዕቃ ክብደት ይይዛል።

ግድግዳው ላይ ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ። እነዚያ ውስጥ ሪቭነት የሚባለውን ባለ ጥርስ ብረት አስገቡ፣ ከዚያ ብሎን እንደ ልብ ይታሰርበታል፣ ይፈታልም። አልጋ፣ ካቢኔት፣ ባትሪ፣ የውኃ ዕቃ፣ ሁሉም ከዚህ ብረት ጋር ይታሰር። በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ብቻ በምስማር የተያዘ ካቢኔት በአንድ ድንገተኛ ፍሬን ጭንቅላታችሁ ላይ ይመጣል። መሳቢያዎቹ ስትነዱ እንዳይከፈቱ መቆለፊያ ይኑራቸው።

አልጋውን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩን ዕቃ ማስቀመጫ አድርጉት። የፍራሹ ሥር ደግሞ ድፍን ጣውላ ሳይሆን ክፍተት ያላቸው ርብራቦች ይሁኑ። ድፍን ከሆነ የሰውነት ሙቀት ሥሩ ውኃ ይሆንና ፍራሹ ይሻግታል።

ውኃ

ሰው እዚህ ላይ ያወሳስበዋል። የማጠቢያው ሥር ሁለት ጀሪካን ይበቃል፦ አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ የፍሳሽ። ከንጹሑ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፓምፕ ወደ ቧንቧው። ጀሪካን ተነሥቶ የትም ይሞላል፣ ይታጠባል፣ ሲያረጅ ይቀየራል። ትልቅ ታንከር ከፈለጋችሁ ክብደቱን አስቡት፤ 20 ጋሎን ውኃ ብቻውን ከ160 ፓውንድ በላይ ነው። ፍሳሹን ሜዳ ላይ አትድፉ፣ በየካምፑና በብዙ ትራክ ስቶፖች መድፊያ አለ።

ለመጸዳጃ ካሴት፣ ማለትም ወጥቶ የሚደፋ ሣጥን፣ ያለው ተንቀሳቃሽ ይበቃል። ሻወር ውስጥ መሥራት ብዙ ቦታና እርጥበት ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው የጂም አባልነት ይሻላል። ትራክ የሚነዳ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ፓይለትና ላቭስ የሚባሉት ትራክ ስቶፖች ያላቸውን ሻወር እሱ ያስረዳችኋል።

የት ታድራላችሁ፣ አድራሻችሁስ?

በምዕራብ ያሉ ስቴቶች፣ ዩታ፣ ኔቫዳ፣ አሪዞና፣ ኮሎራዶ፣ ቢኤልኤም የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ሰፊ የመንግሥት መሬት አላቸው። አብዛኛው ቦታ ላይ በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን በነፃ ማደር ይፈቀዳል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ቅርባችሁ ነው። ከተማ ውስጥ ግን መኪና ውስጥ ማደር የሚከለክል ደንብ ያለው ብዙ ነው፤ ምልክቱን አንብቡ፣ የሱቅ ፓርኪንግ ከሆነ ገብታችሁ ማናጀሩን ጠይቁ።

ቤት ለቃችሁ ሙሉ በሙሉ ቫን ውስጥ ልትገቡ ከሆነ ይሄን አትርሱ። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ አድራሻ በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤ የሚቀበልላችሁ የታመነ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ አድራሻ ይኑራችሁ። የጠፋ የቀጠሮ ደብዳቤ ከማንኛውም ብልሽት የከፋ ነው።

ከረጅም ጉዞ በፊት

ውኃውን ሞልታችሁ፣ ልብሱንና ምግቡን ጭናችሁ፣ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ሁላችሁም ተሳፍራችሁ ትራክ ስቶፕ ሂዱ። ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን ላይ ውጡ፣ የሚከፈለው ብዙ አይደለም። የፊትና የኋላ እግሩን ለየብቻ ያወጣላችኋል። መጀመሪያ ፎቶ ካነሣችሁት የበሩ ወረቀት ጋር አስተያዩት። ካለፈ ዕቃ ቀንሱ፣ ፍሬኑም ጎማውም የተሠራው ለዚያ ልክ ነው። ቀኝና ግራውን ደግሞ በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ ባትሪው፣ ውኃውና ፍሪጁ አንድ ጎን ከሆኑ ቫኑ ያዘነብላል።

የመጀመሪያው ጉዞ ከቤት ሁለት ሰዓት የማይርቅ ይሁን፣ ከተቻለም ዝናብ ያለበት። ስትመለሱ የግድግዳውን ብሎኖች አንድ በአንድ አጥብቁ፣ መንገዱ አላልቷቸው ይሆናል። የባትሪውን ጫፎች ጎትቱ። የቬንቲሌተሩን ዙሪያ በውስጥ በኩል ዳብሱ። ከዚያ ፍራሹን አንሥታችሁ ሥሩን እዩ፤ እርጥብ ከሆነ ርብራቦቹን አራርቁ፣ ማታ ማታም የቬንቲሌተሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጋችሁ ክፍት ተዉት።